ሁለት ዙር ተኩል

ይህ የሆነው ንጉሡ ከዙፋን ሊወርዱ ሁለት ዓመት ያህል ሲቀራቸው፣ በሰኔ ወር፣ ወልቂጤ ላይ ነው። ያን ቀን በአንድ ሰው ላይ የሠራሁትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

የአራት ዓመቱ ልጄ ከማለዳ ጀምሮ ትኩሳት ይዞት ከቀትር በኋላ ያንቀጠቅጠው ጀመር። አውቶቡሱ አልፏል። ከአዲስ አበባ የመጣው ታናሽ ወንድሜ ማርሽ በራሷ በምትቀይር አሮጌ አሜሪካ ሠራሽ መኪናው ወደ አታት ሆስፒታል ይዞን ተነሣ። ከከተማው ሳንወጣ ዳገቱ ላይ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናዋ አልሄድ አለች። ሰዎች እየገፉ ወደ አንድ ጋራዥ መለሱን።

መካኒኩ ከድር የሚባል የቡታጅራ ሰው ነበር። ወደ ውስጥ አየና ወንድሜን፣ «ፍሪሲዮን የላትም? ታዲያ ግራ እግርህ ምን ይሠራል?» አለው።

«ያርፋላ» አለ ወንድሜ።

ሳቃቸውን አልወደድኩትም። ልጄ ጀርባዬ ላይ እንደ እሳት ይፋጃል።

ከድር ከመኪናዋ ሥር ገባ። «ካምቢዮዋ ውስጥ እንደ ቀበቶ የሚይዝ ብረት አለ። ላልቷል፤ አጠብቀዋለሁ» አለ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ከውጭ ያለውን ብሎን እስኪበቃው አጠበቀ። ከዚያ መልሶ ያላላው ጀመር፤ «አንድ፣ ሁለት፣ ተኩል» እያለ። ሲወጣም፣ «ከአታት ስትመለሱ በዚህ እለፉ፤ ደግሜ አያታለሁ» አለን።

ያጠበቀውን ለምን ያላላል? ለምንስ እንድንመለስ ፈለገ? ዳግመኛ ሊያስከፍለን አውቆ እንዳበላሸ ደመደምኩ።

ዘይት ጨመረባትና፣ «እስኪወርድ ልስገድ» ብሎ ከግድግዳው ጥግ ምንጣፉን ዘረጋ። ጀርባውን ሲሰጠን ወንድሜን፣ «ግባና ያላላውን አጥብቅ» አልኩት።

«እትዬ፣ ሥራው ነው፤ እሱ ያውቃል።»

«ልጁ ያንተ ስላልሆነ ነው።»

ይህን ሲሰማ መፍቻውን አንሥቶ ገባና አጠበቀው።

ከድር ሰግዶ ሲመጣ ሞተር ሳያስነሣ እንደገና ከሥር ገባ። ለካ ብሎኑ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጎ ኖሯል። «ማን ነካው?» አለ።

«ያዘዝኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

አልተቆጣም። «እትዬ፣ እንዲህ እንደ ጠበቀ ከሄዳችሁ መንገድ ላይ ጉብሬን ሳታልፉ ቀበቶው ይቃጠላል። መጀመሪያ የማጠብቀው ልኩን ለማግኘት ነው፤ የሚሠራው ግን ትንሽ ሲላላ ነው» አለኝ። እጁ ዘይት ስለነበረ በክንዱ የልጄን ግንባር ነካና፣ «ቶሎ ድረሱ» ብሎ ተመልሶ ገባ። እኔም አጠገቡ ተንበርክኬ አብሬው ቆጠርኩ፤ ሁለት ዙር ተኩል።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አታት ደረስን። ልጄ በአራተኛው ቀን ምግብ ጠየቀ።

ስንመለስ ጋራዡ በር ላይ ቆምን። ከድር መኪናዋን ከማየቱ በፊት የኋላውን በር ከፍቶ ልጁን አየና፣ «አልሐምዱሊላህ» አለ። ከዚያ በኋላ ነው መፍቻውን ያነሣው።

ልጄ ዛሬ የልጆች አባት ነው። መጠርጠሬን እግዚአብሔር ይቅር ይለኛል፤ እናት ነኝና። የሚከነክነኝ ግን ጸሎትን የማውቅ ሰው ሆኜ፣ ሌላው ሊጸልይ ጀርባውን እስኪሰጠኝ መጠበቄ ነው። ማታ ስጸልይ ከልጄ ስም ቀጥሎ የከድርን ስም እጠራለሁ።