ሳቅ ላይ የጮኸው ሰውዬ

ጁባ ውስጥ ሌባ የሚፈራ ሰው ሞልቶ ነበር፤ የሚሰረቅ ነገር ሳይኖረው የሚፈራ ግን የእኛን ፕሮዲዩሰር ብቻ ነው የማውቀው። አገር ቤት ሳለ ሙዚቃ አጠገብ ደርሶ አያውቅም። ሙኑኪ ሰፈር ካለው ቡና ቤቱ ጀርባ ኮንቴይነር አቆመ፣ ውስጡን በፍራሽ ስፖንጅ ለበጠና አሳታሚ ነኝ አለ። እኔ ማታ አማራት ሆቴል ውስጥ ኪቦርድ እጫወታለሁ፤ ቀን ለእሱ ዘፋኞቹን አጅብ ነበር።

የሚኒባስ ሾፌሮች ዘፈኖቼን በፍላሽ ገልብጠው ይወስዱብኛል ብሎ እንቅልፍ አጣ። ስለዚህ በየዘፈኑ መሐል፣ ዘፋኙ ትንፋሽ በሚወስድበት ቦታ፣ ማይክ ይዞ የድርጅቱን ስም ይጮሃል። አብዛኞቹን ዘፈኖች እኮ በነጻ ቢያድላቸውም የሚቀበለው አልነበረም።

አንዱ ብቻ ይለያል። ኢትዮጵያ አድጋ የተመለሰች፣ የዚያው አገር የባሪ ብሔረሰብ ልጅ እናቷን ከጁባ ዳር ከረጃፍ ይዛ መጣች። እናትየው በባሪኛ ጥቂት አዜሙና፣ የገዛ ድምፃቸውን በማዳመጫው ሲሰሙ ከት ብለው ሳቁ። ያ ሳቅ ተቀረፀ። ከዚያ ኮንቴይነር የወጣ ደህና ነገር እሱ ብቻ ነው።

ልጅቷ የእናቴን ሳቅ ብቻ ይተዉልኝ ብላ ለመነችው። ሌባ የሚገባው ባዶ ቦታ አይቶ ነው አላትና ሳቁ ላይ ጮኸበት።

እናትየው በዓመቱ ሞቱ። ልጅቷ ጩኸት የሌለበትን ቅጂ ፍለጋ መጣች፤ ሌላ ቦታ የእናቷ ድምፅ የለም። ሰውዬው ግን የሆቴል ማስታወቂያ ለመቅረፅ ቦታ ቢጠብበት ከኮምፒውተሩ አጥፍቶታል። ይቅርታ ይላል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ የቡና ቤቱን ወጥ ሠሪ ጠርቶ ማይኩ ፊት አቆማት።

«ማፊ ሙሽኪላ፣ ምንም ችግር የለም» አላት ልጅቷን። «እሷ ትስቅልሻለች፤ እንተካዋለን።»

ወጥ ሠሪዋ አፍራ አቀረቀረች። ሰው እንደዚያ ቀን ንቄ አላውቅም። በማግስቱ ኪቦርዴን አንስቼ ወጣሁ።

ሾፌሮቹ በመጨረሻ አንድ ዘፈን ሰረቁት፤ ያንኑ። አንድ ቀን ከልጅቷ ጋር ሚኒባስ ውስጥ ሳለን ተከፈተ። ቦታው ሲደርስ ሾፌሩና ተሳፋሪው ሁሉ የድርጅቱን ስም አብረው ጮኹ፤ በቃላቸው ይዘውታል። እሷ ጆሮዋን ስፒከሩ ላይ ለጥፋ ነበር።

«ጩኸቱ ሲያልቅ የሳቋ ጫፍ ይሰማል፤ አይደል?» አለችኝ።

ምንም አልሰማሁም። ይሰማል አልኳት።