የሙሽራዋ መኪና ባትሪ

ሙንዚር ተረጋግቶ ሻይ ሲጠጣ ያየው ሰው የለም። በዮርዳኖስ ዋና ከተማ አማን ውስጥ፣ በያዲር በሚባለው የጋራዥ ሰፈር፣ ከእኔ ራዲያተር ቤት ጎን በነዳጅም በኤሌክትሪክም የሚሄዱ የሃይብሪድ መኪኖችን ያገለገሉ ባትሪዎች ያድሳል። ከተጋጩ መኪኖች የወጣውን ባትሪ ይፈታል፣ በውስጡ የተደረደሩትን ሴሎች እየለየ ይፈትሻል፣ የሞተውን ለቁራሌ ገዢዎች ያወጣል፣ የሚሠራውን ከመሰሉ ጋር አዛምዶ እንደገና ይገጥማል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ቁጭ ብድግ፣ ወዲህ ወዲያ ነው። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ስለማይደርስበት እኔ እጠጣለታለሁ።

አንድ የማይለቀው ልማድ ነበረው። ያደሰውን ባትሪ ራሱ ሳይፈትን አያስረክብም። መኪናዋን እስከ ሙት ባሕር ይነዳና በዚያ ቃጠሎ ዳገቱን ያስወጣታል። ሳትቆም ከተመለሰች ብቻ ቁልፉን ይሰጣል። ደንበኛው ቢለምነውም ቢጮህበትም ንቅንቅ አይልም።

ይህን ልማዱን ያፈረሰው በገዛ ልጁ ሠርግ ነው። ልጁን ሐናዲን ያገባት ቁተይባ በደቡብ ያለችው የከረክ ከተማ ልጅ ነው፤ በራሱ ሃይብሪድ ሰው እያመላለሰ ይኖራል። ሠርጉ ሲቃረብ የመኪናው ባትሪ ሞተ። ሙንዚር ከዚህም ከዚያም የተረፉ ሴሎችን ለቃቅሞ ገጠመለት፤ ለመፈተን ግን ጊዜ አልተረፈም።

የሠርጉ ቀን የከረክ ሰዎች ክላክሳቸውን እያስጮሁ ሙሽራዋን ሊወስዱ መጡ። ሐናዲ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ በር ላይ አባቷን ትጠብቃለች፤ እሱ ከመኪናዋ ኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ራሱን ቀብሮ የባትሪውን ማቀዝቀዣ ፋን ያዳምጣል።

«ኧረ አቡ ሐናዲ፣ ልጅህን ሳማት እንጂ!» አልኩት፣ እንደ አገራችን ልማድ በልጁ ስም ጠርቼ።

«ቆይ! ድምፁ ደስ አላለኝም።»

«የምትድረው ልጅህን ነው ባትሪውን?»

ክዳኑን እስኪዘጋ ድረስ የከረክ ሰዎች ቸኮሉ። ሐናዲ ግንባሯ ሳይሳም መኪና ውስጥ ገባች፣ አጃቢውም ተነሣ። በእውነት ተናደድኩበት።

በእኛ ደንብ የሙሽራ አባት ልጁን ከደጁ ይሸኛል እንጂ አጃቢውን አይከተልም። ከተከተለ ልጁን መስጠቱ ቆጭቶታል ይባላል። ሙንዚር ግን ግቢውን ይዞረው ጀመር።

«ዳገቱ ላይ ብትቆምስ? በሠርጓ ቀን፣ በሰው ፊት፣ በእኔ እጅ ሥራ?»

«ተው፣ ያሙሃል።»

«ይሙኛ!» ክንዴን ይዞ ወደ ፒክአፔ ጎተተኝ። «ንዳ!»

መንገዱን ሁሉ እግሩ የሌለ ፍሬን ሲረግጥ ሄደ። ሙት ባሕርን አልፈን የከረክን ዳገት ስንያያዝ አጃቢው በሙሉ መንገድ ዳር ቆሟል። የሙሽሮቹ መኪና ቀይ መብራት አብርታ እንቢ ብላለች። ሙንዚር ሳልቆምለት ዘሎ ወረደ።

የቁተይባ አጎት ሐጅ ፈላህ ፊቱ ተገተሩ። «ምነው አቡ ሐናዲ፣ ልጅቷን ልትመልሳት መጣህ?»

አጃቢው ሳቀ።

«ባትሪው ነው፣ ሐጅ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«አባባ፣ እርስዎ ምን አጠፉ? ሙቀቱ ነው እንጂ» አለ ቁተይባ ወደ ሙንዚር ዞሮ ላቡን እየጠረገ።

ሙንዚር የኋላውን በር ከፈተ። ባትሪው አየር የሚስበው ከኋላ ወንበር ጎን ባለ ቀዳዳ ነው። ሰው ብርድ ልብስና የገበያ ፌስታል እየከመረበት ስንት ባትሪ ታፍኖ ተቃጥሏል፤ ሙንዚር ደንበኛ ላይ የሚጮኸውም በዚህ ነው። አሁን ቀዳዳው ላይ ከኋላ የተቀመጠችው የሐናዲ ነጭ ቀሚስ ጫፍ ተጠቅጥቋል። ስቦ አወጣውና ሴሎቹን ለካ። ሁሉም ደህና ነበሩ።

እፎይ የሚል መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ጨርቁን እንደያዘ ቀረ።

«አንቺ ልጅ፣ በዚህ ቀዳዳ ምክንያት ሰው ስሰድብ እየሰማሽ ነው ያደግሽው። እንዴት ረሳሽው?»

«አልረሳሁትም፣ አባዬ።»

«ታዲያ?»

«ለእኔ ብለህማ አትመጣም ነበር።»

ሐጅ ፈላህ ሰዓታቸውን እያዩ «በሉ እንጂ፣ ሰው ይጠብቀናል» አሉ። ሙንዚር የሰማም አይመስል፤ ጎንበስ ብሎ ግንባሯን ሳማት፣ ቀና ማለት ግን አቃተው።

«አትሂጂብኝ» አላት፣ ያ ሁሉ የከረክ ሰው እየሰማ።

ሐናዲ ዓይኗን ጠረገች፣ ቀሚሷን ከቀዳዳው አርቃ ጉልበቷ ላይ ሰበሰበች።

«አሁን እሄዳለሁ» አለችው።