የራሚፋይ ሥር

የዝውውር ፈተናው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ባሕር ዳር ነበር። ባለቤቴና ልጄ እዚያ፣ እኔ ብቸና እንግሊዝኛ ሳስተምር ሁለት ዓመት አልፎናል፤ ፈተናውን ካለፍሁ አብረን እንኖራለን። ታዲያ ወደ እነሱ በሄድሁ ቁጥር ሞጣ ወርጄ አባቴን ሳልስም ማለፍ አይሆንልኝም። ያን ቀንም ወረድሁ።

አባቴ የቅኔ መምህር ናቸው። እሳቸው ዘንድ አንድ ግስ ከነሥሩ ተተንትኖ ካላለቀ ተማሪ ከፊታቸው አይነሳም፤ ልጅ ሳለሁ በዚህ የተነሳ ስንት ምሳ አምልጦኛል። ገና ጉልበታቸውን ስሜ ቀና ሳልል፣ ባለፈው ረስቼው የሄድሁትን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አወጡና ያሰመርሁበትን ቃል ጠቆሙኝ። ራሚፋይ ይላል።

ቅርንጫፍ ማውጣት ነው ብዬ ልነሳ ስል፣ ለዛፍ ብቻ ነው ወይ አሉ። ተቀመጥሁ። ለመንገድም፣ ለወንዝም፣ ለደም ሥርም ይሆናል አልኋቸው፤ ደግሞም አንድ ጉዳይ ሌላ ጣጣ፣ ያም ጣጣ ሌላ ጣጣ ሲወልድ እንዲሁ ይባላል። ምሳሌ ስጥ አሉኝ። ምሳሌውማ እኔው ነበርሁ፤ መናኸሪያ ያለው የባሕር ዳር ሚኒባስ ሊሞላ ነው፣ ባለቤቴ ሦስት ጊዜ ደውላለች፣ እኔ እዚህ ተጎልቼ ግስ አወርዳለሁ።

ከማን ወሰዱት አሉ። እንግሊዞች ከፈረንሳይ፣ ፈረንሳዮች ከላቲን፤ ራሙስ ቅርንጫፍ ነው፣ የቀረው ማድረግ ማለት ነው አልሁ። ላቲንስ ከየት አመጣው አሉ። በንዴት ሰዓቴን አየሁ። እንግሊዞቹ ራሳቸው ይህን ያህል አይጠያየቁም። ከዚያ ወዲያ ሊቃውንቱም በግምት ነው፣ ቅርንጫፍና ሥር ከአንድ ቃል የወጡ ናቸው ይባላል አልኋቸው። ይህ ደስ አሰኛቸውና ከመጀመሪያው ድገምልኝ አሉ።

መናኸሪያ ስደርስ ሚኒባሱ ወጥቷል። ቀጣዩ ሳይሞላ ስድስት ሰዓት ሆነ፤ መንገዱ ከሁለት ሰዓት በላይ ነውና ፈተናው አበቃለት። ዘወር ስል አባቴ ምርኩዛቸውን ይዘው ከኋላዬ ቆመዋል።

"አባ፣ በአንድ ቃል አስቀሩኝ። ሆን ብለው ነው?"

መሬት መሬቱን አዩ።

"ባሕር ዳር ጠቅልለህ ከገባህ ሞጣን ምን ብለህ ትረግጣታለህ?"

ንዴቴ አልበረደም። ለባለቤቴ ምን እንደምላት ጨንቆኛል፣ ስልኩም እንደገና ይጠራል። መጽሐፌ እሳቸው ብብት ውስጥ ነበር። ስጡኝ አላልኋቸውም፤ ሌላ ቀን መጥቼ እወስደዋለሁ።