ኬላ ላይ የተያዘው የትራፊክ መብራት ሳጥን

ዛሬ ጠዋት ከወልድያ መውጫ ኬላ ላይ እጄን ወደ ላይ ሰቅዬ ቆሜ ነበር። ጥፋቴ የትራፊክ መብራት መቆጣጠሪያ ይዤ ሚኒባስ መሳፈሬ ነው።

ሽቦ የበዛበት፣ ሰዓት ያለው የብረት ሳጥን! በዚህ የጦርነት ሰሞን ምን እንደሚመስል እናንተው ፍረዱ።

የመሥሪያ ቤታችን ኤሌክትሪሺያን ስለሆንኩ ሳጥኑ ፈርሜበት በስሜ የተመዘገበ ነው። ባለፈው ዙር ጦርነት ገመዱ ተቆርጦ ሲወሰድ፣ መብራቱን መልሼ ለማብራት ስንት ቢሮ ደጅ ጠንቻለሁ። አሁን ተኩሱ በቆቦ በኩል ሲቀርብ ሳጥኑን ፈትቼ አወረድኩት።

የሚረከበኝ የንብረት ክፍል ኃላፊ ግን ቀድሞኝ ደሴ ገብቷል። ስደውልለት "ይዘኸው ና፣ እዚሁ እረከብሃለሁ" አለኝ። (ለእሱ ቀላል ነው፤ ይዞ የወጣው ራሱን ብቻ ነው።)

ኬላ ጠባቂው ሚሊሻ ሰምቶኝ ሲያበቃ "መኪና ለሌለበት ከተማ የምን መብራት ነው? ጥለኸው አንተ እለፍ" አለኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጠው የነበሩት እማማ ዘሀራም በመስኮት "ኧረ ልጄ፣ ነፍስህን አውጣ! ብረቱን አላህ ይጠብቀዋል" አሉኝ።

ጣለው የተባልኩበትን ቦታ አየሁት። ውሃ የሚወርድበት ቦይ ነው። ጦርነቱ ያልፋል፤ ይህ ዕቃ ግን ከዚያም በኋላ ገና ብዙ ዓመት ሰው ማሻገር አለበት።

ሚኒባሱ ያለ እኔ በመርሳ በኩል ወደ ደሴ ሄደ።

ሳጥኑን ተሸክሜ ተመለስኩና ቦታው ላይ መልሼ ገጠምኩት። ይኸው መብራቱ ባዶ መንገድ ላይ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ይላል። አረንጓዴው ይበራል፤ እኔ ሥሩ ቆሜያለሁ።

እናንተስ፣ ምን ላይ ፈርማችሁ ነው የቀራችሁት?