የሞተሬን መሪ ያስረዘምኩ ጊዜ

ወገቤ የተሰበረው ዝናብ ፈርቼ ሞተሬን ቤት ትቼ በተሳፈርኩበት መኪና ነው። አንበሳሜን አልፈን ትንሽ እንደሄድን ሚኒባሱ ተንሸራትቶ ቦይ ውስጥ ተኛ። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ጭቃቸውን አራግፈው ተነሱ፤ እኔን ሰው ተሸከመኝ። በጭቃውም በጉሙም ስነዳው አንድ ቀን ያልጣለኝ ሞተር ያን ዕለት ቤት ውስጥ ደረቅ ሆኖ ቆሞ ነበር። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ባሕር ዳር ያከመኝ ሐኪም ጀርባዬ ውስጥ ብረት ከቶ ሲያበቃ፣ ከእንግዲህ ጎንበስ ማለት እንደሌለ ነገረኝ። ስለ ሞተር ብጠይቀው "እርሳው" አለኝ። እንዴት ልርሳው? አባቴ የሚኖሩት ከጉና ግርጌ ነው። ከመኪናው መንገድ እስከ ደጃቸው ያለው ዳገት ጤነኛውንም ያስለከልካል። በእግሬ አልሞክረውም፤ በቅሎም ለእኔ ወገብ አይሆንም። ለእሳቸው የተነገራቸው "ትንሽ አሞት ነበር፣ አሁን ድኗል" የሚል ነው፤ ያስነገርኩትም እኔው ነኝ። በጎረቤት ስልክ ባገኘኋቸው ቁጥር "መቼ ትመጣለህ?" ይሉኛል። በማስተምርበት ትምህርት ቤት ፈተና ነው እላለሁ፣ ስብሰባ ነው እላለሁ። በመጨረሻ ሰበብ አለቀብኝ። እንደ ድሮው በሞተሬ ደርሼ ካላዩኝ፣ የልጃቸውን ጉድ ከሌላ ሰው አፍ ሊሰሙ ነው።

ሞተሩ አገር ላገር ለመዞር የተሠራ ትልቅ ሞተር ነው፤ ወንበሩ ሰፊ፣ ከኋላው ግራና ቀኝ የብረት ሣጥን ያለው። ከአንድ አገር ጎብኚ እጅ ወጥቶ ሲዞር ሲዞር እኔ እጅ ገባ። ችግሩ መሪው ዝቅ ያለ ነው፤ ለመያዝ ማጎንበስ ግድ ይላል። እኔ ወደ መሪው መውረድ ካልቻልኩ መሪው ወደ እኔ ይውጣ አልኩ። ለሰው ስናገረው ብልሃት ይመስል ነበር።

ደብረ ታቦር ያለው ባለጋራዥ ሐሳቤን ሰምቶ ራሱን አከከ፤ ሆኖም ቱቦ አጉብጦ ከፍ ያለ መሪ ሠራልኝ። ጣጣው ከዚያ በኋላ መጣ። መሪው ከፍ ሲል ካቦ የሚሉት የፍሪሲዮኑ የብረት ገመድ አጠረ፣ የፊት ፍሬኑ የዘይት ቱቦ አልደርስ አለ፣ የመብራቱ ሽቦ ተወጠረ። መሪውን ወደ ቀኝ ሲያዞሩት የነዳጁ ካቦ ይሳብና ሞተሩ ማንም ሳይነካው ይጮኻል። አንዱን በረጅም ሲለውጥ፣ አንዱን በሌላ በኩል ሲያሳልፍ ሰነበተ። እኔም ከአጠገቡ አልጠፋም፤ ወንበሩ ላይ ያስቀምጠኛል፣ ክንዴን ያስዘረጋኛል፣ መሪውን ወደ እኔ ሳብ አድርጎ ያጠብቃል። ልብስ የሚለካልኝ እንጂ ብረት የሚያስር አይመስልም ነበር።

ባለቤቴ "ይህን ሁሉ ለማን ልታሳይ ነው?" አለችኝ።

"ለአባቴ" አልኳት። ሣጥኑ ውስጥ ስኳርና አዲስ ብርድ ልብስ ከተተችላቸው።

መንገዱ ላይ ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ። ቀጥ ብዬ ስነዳ ለጉብኝት የወጣ ሹም እንጂ በሽተኛ አልመስልም። ገብሱ ቢጫ መሆን ጀምሯል፣ ብርዱ ፊቴን ይላጨኛል፣ ወገቤ ዝም ብሏል። ዳገቱንም ቀስ ብዬ ወጣሁት። ዳንኩ ብዬ አመንኩ።

አባቴ ከአንድ ጎልማሳ ጎረቤታቸው ጋር ግቢያቸው ውስጥ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ሞተሩን ሲሰሙ ተነሥተው ነጠላቸውን አስተካከሉ። በእኛ አገር በበቅሎ የመጣ ሰው ሽማግሌ ፊት ሲደርስ ይወርዳል፤ ከላይ ሆኖ ሰላምታ የሚሰጥ ባለጌ ነው። አባቴ ለሞተር የተለየ ሕግ አላወጡለትም። ሁልጊዜ ዘልዬ ወርጄ ጉልበታቸውን ነበር የምስመው። ሞተሩን አጠፋሁ፣ ማቆሚያውን ዘረጋሁ፣ ቀኝ እግሬን ላነሣ አልኩ። አልተነሣም።

ጋራዡ ደጅ የሲሚንቶ ደረጃ አለ፤ ቤቴም ደጅ የድንጋይ መደብ አለ። በሁለቱም ቦታ ሞተሩን አስጠግቼ ከፍታው ላይ እየቆምኩ ነበር የምወጣውና የምወርደው። ክንዴን ለክተን፣ ካቦውን ለክተን፣ ይህን አላሰብነውም። እዚህ ከሥሬ ጭቃ ብቻ ነው፤ ከኋላዬ ደግሞ እግሬ የማያልፈው ሣጥን።

"ውረድ እንጅ። ምን ትጠብቃለህ?" አሉ አባቴ።

"መጣሁ አባቴ" አልኩ። አልመጣሁም። ደግሜ ሞከርኩ። ጎረቤቱ አንገቱን ደፋ።

"አልችልም አባቴ። ይቅር ይበሉኝ፣ እግሬ አይነሣልኝም።"

በትራቸውን ይዘው ቀረቡና ጀርባዬን በእጃቸው ዳሰሱት። "ምን አስረውብህ ነው እንዲህ የደረቀ?"

"ብረት ነው። ውስጥ ነው ያለው።"

እጃቸውን ወዲያው አላነሡም። ከዚያ ጎረቤቱን ጠሩት፤ እሱ በብብቴ ይዞ፣ እሳቸው እግሬን አሻግረው አወረዱኝ። "ወገቡን፣ ወገቡን" ይሉ ነበር። ጉልበታቸውን መሳም አልቻልኩም፤ እሳቸው ራሴን ይዘው ጉንጬን ሳሙኝ።

ከጎረቤቱ ጋር ቤት ገብተን ሁሉንም ነገርኳቸው። ለምን ዋሸኸኝ አላሉም። ቢቆጡኝ፣ ቢራገሙኝም በወደድኩ። እሳቱን በእንጨት እየቆሰቆሱ ሰሙኝና ሳበቃ ወደ ጎረቤቱ ዞሩ።

"እንግዲህ የእኔ ነገር አደራ" አሉት። "እኔስ ይኸ ልጅ ተሸክሞ ይቀብረኛል ብየ ነበር። ከእንግዲህ አንተ ነህ።"

ጎረቤቱ መልስ ከመስጠቱ በፊት ወደ እኔ አየ። ፈቃዴን መጠየቁ ነው። እሺ አልኩት።