የበድሪ ፉርጎና ሁለቱ ሌንሶች

በድሪ ሚኤሶ ጣቢያ ሃያ ስድስት ዓመት ፉርጎ ሲመረምር የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ወጥቶ እዚህ ጭሮ ከቤቴ ጎን ከተከራየ ወዲህ ከሰርዲን ቆርቆሮ ባቡር ይሠራል። ሎኮሞቲቩ አውራ ጣት ያህላል፤ ፉርጎዎቹ ከዚያም ያንሳሉ። ዓይኔ ደህና በነበረበት ዘመን እንኳ እንዲህ ያለ ሥራ አላየሁም።

ባለፈው ጥቅምት ድሬዳዋ ላይ የእጅ ሥራ ዐውደ ርዕይ የሚያዘጋጁ ሰዎች፣ «እስከ ሐሙስ ስድስት ሰዓት ጥርት ያለ ፎቶ ከላኩልን ባቡርዎን እናሳያለን» አሉት። በድሪ ምግብ አልበላ አለው። በስልክ ቢያነሳው ባቡሩ ጭጋግ ውስጥ የጠፋ ትኋን መሰለ።

የሰፈራችን ፎቶ ቤት ባለቤት የሺሐረግ ካሜራ ነበራት፤ ትንሽ ነገር አጉልቶ የሚያነሳው፣ ማክሮ የሚሉት ሌንስ ግን አልነበራትም። ሐሙስ ጠዋት በድሪ፣ ሚስቱ ሀኒፋና እኔ ባቡሩን ይዘን ፎቶ ቤቷ ስንገባ፣ ዕቃ ነጋዴው ዚያድ አንድ አጭርና አንድ ረጅም ማክሮ ሌንስ ይዞ መጣ። «ሞክሩና አንዱን ምረጡ» አለ።

«አጭሩ!» አለ በድሪ፣ ሳይነካቸው።

«ጋሼ፣ ረጅሙ ይሻልዎታል። ራቅ ብሎ ያነሳል» አለች የሺሐረግ።

«አቦ፣ የስድስት ቁጥር ብሎን በሃያ አራት ቁልፍ ይፈታል እንዴ? ለትንሽ ባቡር ትንሽ ሌንስ!»

አጭሩ ተገጠመ። ባቡሩን ለማጉላት ግን አራት ጣት ድረስ መጠጋት ነበረበትና የራሱ ጥላ ባቡሩን አጨለመው። የሺሐረግ አንድ ፎቶ አንስታ ጥቂት ጠጋ ስትል ሌንሱ ሎኮሞቲቩን ገፍቶ ከሀዲዱ ጣለው።

«ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ባቡር አልተገለበጠብኝም!» ጮኸ በድሪ።

«እኔ ዛሬ መጀመሬ ነው ጋሼ፣ ይታገሱኝ።»

ረጅሙን ገጥማ ክንድ ያህል ርቃ ቆመች። የመስኮቱ ብርሃን እንደ ልብ ገባ። ፎቶው ኮምፒውተሩ ላይ ሲከፈት የብሎኖቹ ራስ ሳይቀር ይቆጠር ነበር። ሀኒፋ ግን ጣቷን ቀሰረች። «አንተ፣ ይቺ የፉርጎ ጎማ ሀዲዱን አልነካችም።»

እውነቷን ነው። የፀጉር ያህል ክፍተት ነበር።

«በአጭሩ ሌንስ የተነሳውን እንላከው፤ እሱ ላይ አይታይም» አለ ዚያድ።

«እሱ ላይ ባቡሩስ መቼ ታየ!» አለች የሺሐረግ።

በድሪ ፊቱ ጠቆረ። «ብልሽት ያለበት ፉርጎ በእኔ ፊርማ ወጥቶ አያውቅም። ወላሂ አይወጣም።»

ሰዓቱ አምስት ተኩል ሆኗል፤ ለመጠገን ጊዜ የለም። በድሪ ትንሽ አሰበና ከሀኒፋ ቀይ ሻሽ ጫፍ ጥፍር ያህል ቆርጦ ስፒል ላይ ሰካው፤ ፉርጎው ፊት ተከለው።

«ሻሼን!»

«የባቡር ቤት ደንብ ነው። የተበላሸ ፉርጎ ፊት ቀይ ባንዲራ ይቆማል።»

እንደዚያው ተነስቶ ተላከ።

በማግስቱ ከድሬዳዋ ተደወለ። «ተቀብለናል ጋሼ። ባንዲራዋንማ በጣም ወደድናት፤ እንዳይረሷት።»

«ባንዲራዋ ወርዳለች። ፉርጎውን ዛሬ ጠዋት ጠግኜዋለሁ» አለ በድሪ ኮራ ብሎ። «ደህና ፉርጎ ፊት ቀይ አልተክልም።»

«ለውበት ነው እኮ!»

«ለውበት ተብሎ ባቡር አይቆምም።»

ሀኒፋ ስልኩን ነጠቀችው። «ይዘናት እንመጣለን። ካስፈለገ ፉርጎውን እኔ መልሼ አበላሸዋለሁ!»