አዮዲን፣ ጋዶሊኒየምና የእናቴ ጾም

የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። አዮዲንን የማውቀው ተማሪዎቼ ድንች ላይ ጠብ ሲያደርጉትና ድንቹ ሲጠቁር ነው። ጋዶሊኒየምን ደግሞ ክፍላችን ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ግርጌ ካለችው ሣጥን በቀር የትም አይቼው አላውቅም። ሆሳዕና ከተማ፣ አንድ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆሜ ሁለቱን ለእናቴ ጭንቅላት አማርጣለሁ ብዬ በፍጹም አላሰብኩም።

እናቴ ራሷን ማመም ከጀመራት ሰነባብቷል። ታላቅ እህቷ ጃጁራ ገበያ መሐል እንዲሁ ራሴን ራሴን እያለች ወድቃ አልተነሳችም። የእናቴ ሐኪም ልጅ እግር ሴት ናት። "የአንጎሏ ደም ሥር እንደ አሮጌ የጎማ ካላማዳሪ አንድ ቦታ ላይ አብጦ እንደሆነ ማየት አለብን" አለችን። ለማየት ደግሞ ደም ሥሩን ፎቶው ላይ የሚያጎላ መድኃኒት በክንድ ይሰጣል፤ ለሲቲ ስካን አዮዲን ያለበት፣ ለኤምአርአይ ጋዶሊኒየም ያለበት።

ደሟ ሲመረመር ግን ኩላሊቷ ደክሞ ተገኘ። "በዚህ ውጤት አዮዲኑን አልደፍርም" አለች ሐኪሟ።

ከዚያ በኋላ መቀመጥ አቃተኝ። ስልኬ ላይ እያነበብኩ ኮሪደሩን እመላለሳለሁ፤ ደግሞ ተመልሼ የሐኪሟን በር አንኳኳለሁ። ጋዶሊኒየሙስ? እሱም በጣም ለደከመ ኩላሊት አይመከርም፣ ማሽኑም ያለው ሌላ ከተማ ነው። ያለ ምንም መድኃኒት በኤምአርአይ ቢታይስ? ይቻላል፣ ወረፋው ግን ረጅም ነው። እስከዚያ ቢፈነዳስ? ይህቺን የመጨረሻዋን ጮኬ ነው የጠየቅኳት። ፈርቻለሁ፤ የእኔ ፍርሃት ደግሞ ሁልጊዜ በቁጣ ነው የሚወጣው።

እናቴ አግዳሚው ላይ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች። ውሃ ገዝቼ ብሰጣት "በኋላ" አለችኝ። ከንፈሯን አየሁት፤ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ያኔ ገባኝ። የቤተ ክርስቲያናችን እናቶች ለእሷ ጾም ጸሎት አውጀው ነበር፣ እህል ውሃ የሌለበት። የሚጸለይለት በሽተኛ ግን ይበላል፣ ይጠጣል፤ ወጉ እንደዚያ ነው።

"እማ፣ አንቺም ጾመሻል እንዴ?"

"ታዲያስ! እነሱ ተርበው እኔ ልብላ?"

"የሚጾሙት እኮ ለአንቺ ነው!"

"እነሱ ለእኔ ነው። እኔ ለሌላ ነው።"

ለማን እንደሆነ ሳልጠይቃት ወደ ሐኪሟ ሮጥኩ። ሐኪሟ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ጉሉኮስ አዘዘች። "ምናልባት ኩላሊቷ ውሃ ነው የጠማው" አለችኝ። በማግስቱ ደሟ እንደገና ሲታይ ውጤቱ ተስተካክሏል። አዮዲኑ ተፈቀደ።

"መድኃኒቱ ሲገባ ሰውነትዎን ሙቀት ሙቀት ይልዎታል፣ እንዳይደነግጡ" አላት የሲቲ ስካኑ ባለሙያ።

እሷ ወደ እኔ እያየች "ለእሷ ንገርልኝ" አለችው።

ይዟት ገባና በሩ ተዘጋ። ለአፍታ ብዬ አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩ። እናቴ ከታመመች ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም ነበር።

ስነቃ ነጠላዋን ለብሻለሁ። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ያንን ውሃ ትጠጣለች።

"ለምን አልቀሰቀስሽኝም? ምን አሉሽ?"

"ደም ሥሩ ደህና ነው አሉ። አላበጠም።"

እንባዬ መጣ። "እግዚአብሔር ጾማቸውን ሰማ" አልኳት።

"የእኔንም" አለች ነጠላዋን ከላዬ ላይ እየሰበሰበች። "ይኸው፣ ተኛሽ።"